ብርማ ቀለም የተቀባው አውሮፕላኔ

እንግዳ ይመጣል ከተባለ እኛ ሰፈር የማይቀባ ነገር የለም። የአስፋልቱ ጠርዝ፣ የቀበሌው አጥር፣ ኧረ ዛፉ እንኳ እስከ ወገቡ ኖራ ይለብሳል። መጀመሪያ ዝገቱን ልፋቀው የሚል ግን አንድም ሰው የለም። እንዲህ የምቆጣው ለአጥሩ እንዳይመስላችሁ። ለአውሮፕላኔ ነው።

አዎ፣ አውሮፕላን። ሳቁ፣ ለምጄዋለሁ፤ ጎረቤቶቼም «ላም አለኝ በሰማይ» ይሉኛል። ቡራዩ፣ በተከራየሁት ግቢ፣ አራት ዓመት ሙሉ ከሥራ መልስ ስበይደው የኖርኩት ነው። ክንፉና ሞተሩ ገና ቢሆንም ከቱቦ የተሠራው አጽሙ አልቋል። የቀረው እሱን ከዝገት ማዳን ነበር። ላዩ ቀላል ነው፤ ትፍቃለህ፣ አንቲረስት ትቀባለህ። ጣጣው የቱቦው ውስጥ ነው፤ ብሩሽ አይገባበት፣ ዓይን አያየው። መድኃኒቱ ተልባ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በትንሽ ቀዳዳ የተልባ ዘይት ታፈስስና፣ አገላብጠህ ውስጡን ካዳረስክ በኋላ አንጠፍጥፈህ ትደፍነዋለህ። ዘይቱን የሰጡኝ አከራዬ ኦቦ ገመቹ ናቸው፣ ከገዛ ማሳቸው ተልባ አስጨምቀው። ያ ማሳ አዲስ አበባን ለማስፋት በወጣው ማስተር ፕላን ውስጥ ገብቶ ነበር። ፕላኑ ቀርቷል ቢባልም እሳቸው እንቅልፍ አልወሰዳቸውም።

ዘይቱ ሳይንጠፈጠፍ፣ ለላዩም አንቲረስት ሳላመጣ በፕላኑ ሰበብ የተነሳው ረብሻ መንገዱን ዘጋው፤ የቤት ለቤት ፍተሻም መጣ። ፈታሹ አጽሙን ወዘወዘው፤ ውስጡ ፈሳሽ ሲላወስ ሰማ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተልባ።»

«ተልባ!» አለና ጓደኛውን ጠቀሰው።

የሚፈነዳ ነገር ነው ብለው ጠርጥረው ጭነው ወሰዱት። ጣሪያ በሌለው የቀበሌ ግቢ ሰኔ ገባበት፣ ሐምሌ፣ ነሐሴ። በየሳምንቱ እየሄድኩ ለመንኩ። ኧረ እዚሁ ይሁን፣ ሸራ ብቻ ላልብሰው፣ አንድ ጣሳ አንቲረስት ልቀባው! «ማስረጃ አይነካም» አሉኝ። ክረምቱን ሙሉ ዝናብ ሲነካው ግን የከለከለ የለም።

በመስከረም ውሰድ ተባልኩ። ኦቦ ገመቹን ይዤ ብሄድ፣ ለካ ከበላይ እንግዳ ይመጣል ተብሎ ግቢው ሲቀባ እሱንም ቀብተውታል። ብርማ! ያውም ዝገቱ ላይ! ያብረቀርቃል።

«በነጻ ነው የቀባንልህ» አለኝ ኃላፊው። አለማመስገኔ ከፍቶታል። በጥሩ ሁኔታ ተረክቤያለሁ ብዬ ፈረምኩ፤ ምን አማራጭ ነበረኝ?

ቤት ደርሰን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ቀለሙ ከነዝገቱ እየተላጠ ወረደ፤ ብረቱ በየቦታው ተበልቷል፤ እንኳን ሰው ሊያበር ዶሮ አይሸከምም። አንዱን ቱቦ ቆርጬ ውስጡን አየሁ። ንጹሕ ነው፣ እንደ አዲስ! እነሱ የጠረጠሩት ቦታ ብቻ ተረፈ።

ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው አዩት። «ያ ረቢ!» አሉ። ከዚያ የተላጠውን ብርማ ቀለም በጣታቸው አንስተው ወደ ማሳቸው ተመለከቱ።

«ልጄ፣ ማስተር ፕላኑ ቀርቷል ብለው የቀቡልኝንስ ማን ይፍቅልኝ?»