የጋሽ ዳኛው ይቅርታ

በዚህ አገር አስታራቂ የሌለው መሥሪያ ቤት የለም። ኃላፊ የሌለው ይኖራል፤ ውኃና መብራት የሌለውማ ሞልቷል። አስታራቂ ግን ሳይቀጠርም ይገኛል። ሁለት ሰው ድምፁን ከፍ ባደረገበት ሁሉ ኮቱን አስተካክሎ መሀል ይቀመጣል፤ ማን እንደበደለ ሳይጠይቅ ማን ቀድሞ ይቅርታ እንደሚል ይወስናል።

ጎንደር ላይ እስከዳር ባዮሎጂ በምታስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ጋሽ ዳኛው ናቸው። በደመወዝ የታሪክ መምህር፣ በተፈጥሮ አስታራቂ፣ በዕድሜ ብዛት ደግሞ የተማሪዎች ዲሲፕሊን ኮሚቴ የማይነቀሉ አባል። በአንድ ፕሮጀክተር የተኳረፉ ሁለት ትምህርት ክፍሎችን ምሳ ሳይደርስ አስታርቀው፣ ፕሮጀክተሩ መበላሸቱን ሁለቱም ወገን ያወቀው ከዕርቁ በኋላ ነው።

እስከዳር የሴት ተማሪዎችን ጉዳይ ወክላ ኮሚቴው ውስጥ ስትገባ ደንቡን እንደ ስሟ እስከ ዳር አንብባው ነበር። ለዚህ ጥፋት ይህ ቅጣት፣ ለዚያ ያ ቅጣት ይላል፤ ግልጽ ነው። ደንቡን የጻፉት ሰዎች ግን ጋሽ ዳኛውን አያውቋቸውም። እርሳቸው ባሉበት ስብሰባ ስንብቱ እገዳ ይሆናል፤ እገዳው ማስጠንቀቂያ፤ ማስጠንቀቂያው ምክር። ምክሩም ከበዛ ለስለስ ባለ ድምፅ “ችግኝ ይትከል” ይላሉ። ከሬጅስትራሩ ጀርባ ያለውን የግራቪሊያ ጥሻ ተማሪዎቹ “የጋሽ ዳኛው ደን” ይሉታል። ሸጋ ደን ነው። የተጎነተለች፣ የተሰደበች፣ ነውረኛ ምስል በስልኳ የተላከባት ልጅ ሁሉ እዚያ አንዳንድ ዛፍ አላት። ሴቶቹ ግን ከመሸ በዚያ በኩል አያልፉም።

መከራው ጋሽ ዳኛው አለመከራከራቸው ነው። እስከዳር ተናግራ ስትጨርስ “ልጄ፣ እውነትሽን ነው” ይላሉ፤ ከዚያ ከእርሷ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምተው ተቃራኒውን ያስወስናሉ። አንዲት ተማሪን በሚኒባስ እስከ ጠዳ የተከተላትን ልጅ “ብቻዋን እንዳትሄድ አስቦ ይሆናል” ብለው ከቅጣት አስጥለውታል። እስከዳር ስትቆጣ “ምነው እስከዳርዬ፣ ሁለቱም ልጆቻችን አይደሉም?” አሏት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሳቻቸው። ጋሽ ዳኛው የአባቷን የልብ ወዳጅ ሽማግሌ አድርገው፣ እርሷን ከራሳቸው ጋር ሊያስታርቁ ቤቷ ድረስ መጡ። ታረቀች። ምን ታድርግ?

በኅዳር ላይ የማስተዋል ጉዳይ መጣ። ማስተዋል የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ናት፤ ወላጆቿ እንፍራንዝ አካባቢ በእርሻ የሚኖሩ ናቸው። ፊልጶስ የተባለ ተመራቂ ተማሪ ላብራቶሪ ውስጥ ብቻዋን አግኝቷት በሩን ከውስጥ ቆልፎ በግድ ሊይዛት ታገላት። ጩኸቷን ሰምቶ ጥበቃው በሩን ገንጥሎ ገባ። ፊልጶስ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ አልካደም፤ ቀልድ ነበር አለ። ደንቡ ለዚህ ዓይነቱ ቀልድ ስንብት ይላል። ነገር ግን የልጁ አጎት አቶ አንዳርጋቸው በከተማው የታወቁ ነጋዴ ናቸው፤ ልጁም ሊመረቅ የቀረው ጥቂት ነው። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወደ ጋሽ ዳኛው አየ። ሌሎቹም አዩ። ጋሽ ዳኛው ውሳኔው ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ፣ እስከዚያው ልጅቷን ላነጋግራት አሉ። እስከዳር እኔ ካልተገኘሁ አይሆንም አለች። “እውነትሽን ነው” አሏት።

በእስከዳር ቢሮ ተገናኙ። ማስተዋል ነጠላዋን ተከናንባ አንገቷን ደፍታ ተቀመጠች። ጋሽ ዳኛው ስለ ልጁ እናት ዕንባ፣ ስለ ወጣትነት፣ ስለተሰቀለው ጌታ ምሕረት ረጅምና እውነትም የሚያምር ንግግር አደረጉ። እስከዳር ልጅቷ እሺ እንዳትል ፈርታ ነበር።

“ጋሼ፣ ይቅር ብየዋለሁ” አለች ማስተዋል።

የጋሽ ዳኛው ፊት በራ። ሊመርቋት ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

“ለንስሐ አባቴ ነግሬ ስለ እግዚአብሔር ትቼለታለሁ” አለች ቀጥላ፣ እንደ መጀመሪያው ቀስ ብላ። “ግን እኔ ጾም የገደፍሁ እንደሆን አባ ከፈቱኝ በኋላም ቀኖና ይሰጡኛል። ስገጂ ይሉኛል። ይቅር ስላሉኝ ስግደቱ አይቀርልኝም። የሚለምኑኝ ይቅርታውን ከሆነ ሰጥቻለሁ። ቀኖናውን ማንሳት የኔ ሥልጣን ነው?”

ጋሽ ዳኛው ሳይመርቁ ተቀመጡ። በልጅነታቸው ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ዘርፈው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ቀኖና ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

“እሱ ግቢው ውስጥ ካለ እኔ ላብራቶሪ መግባት አልችልም። ካልገባሁ እወድቃለሁ፣ ከወደቅሁ እንፍራንዝ እመለሳለሁ። አባቴ ምነው መጣሽ ሲለኝ የምመልስለትን ይንገሩኝ።”

ከዚያ ጋሽ ዳኛው በዚያ ሁሉ ዘመን አንዷንም ተበዳይ ጠይቀው የማያውቁትን ጠየቁ።

“በሩን ሲቆልፈው ፈራሽ?”

“አዎ።”

ጋሽ ዳኛው ኮታቸውን አስተካክለው ወጡ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሰብሳቢው፣ ለጋሽ ዳኛው ድካም ልቀንስላቸው ብሎ ይመስላል፣ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ይበቃል አለ። ሁሉም ጋሽ ዳኛው ከዚያም ዝቅ እስኪያደርጉት ጠበቀ። ጋሽ ዳኛው ልጁ ይሰናበት አሉ። ጸሐፊው በትክክል መስማቱን ለማረጋገጥ ደግሞ ጠየቃቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እስከዳር ተቀምጣ እንደ ቴአትር ተመለከተች። ጋሽ ዳኛው ማንንም አልተከራከሩም። ሊመረቅ ነው ባዩን “እውነትህን ነው” አሉት፤ የአጎቱ ነገርስ ባዩንም “እውነትህን ነው” አሉት። ከእያንዳንዱ ጋር ተስማምተው፣ የእያንዳንዱን ሴት ልጅ በስሟ ጠርተው ስለ ትምህርቷ ጠየቁ። ሰብሳቢው ለሻይ ሲወጣ ተከተሉት፤ ወደ መኪናው ሊሸሽ ሲል በሩ ላይ ቆመው ስለ ጤናው ጠየቁት። ያቺ ለዘመናት እስከዳርን ያቃጠለቻት ለስላሳ ድምፅ ዛሬ ከእርሷ ወገን ነበረች፤ ከዚህም ወገን ሆና ስትሰማ ያው አድካሚ ነበረች። ማምሻውን አባላቱ እጅ ሰጡ። ፊልጶስ ተሰናበተ።

አቶ አንዳርጋቸው ይግባኝ ከማለታቸው በፊት ቄስ የጨመረ የሽማግሌ ጓድ ወደ ጋሽ ዳኛው ቤት ላኩ። እንደ ወጉ እሺ ካልተባልን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ጋሽ ዳኛው አብረዋቸው ቆሙ። እሺም ሳይሉ፣ ወንበር መጋበዙንም ሳይተዉ ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ እንግዶቹ የቀረበውን ሳይቀምሱ ወጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ይህን ለእስከዳር ሲነግሯት “ከተጋባን ወዲህ አይሆንም ሲል መስማቴ ነው” አሉ፤ ቅር እንዳላቸው ወይም እንደኮሩ አልለየችውም። ይግባኙ ውድቅ ሆነ። ማስተዋል ላብራቶሪ ገባች።

ጥምቀት መጣ። ጋሽ ዳኛው በየዓመቱ ከፒያሳ ጥምቀተ ባሕሩ ያለበት ቀሐ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጅባቸው ነበር፤ በከተማው ያላስታረቁት ሰው ስለሌለ ሳይስማቸው የሚያልፍ የለም። ዘንድሮ እስከዳር ቁልቁለቱ ላይ ስታገኛቸው ብቻቸውን ናቸው። የአቶ አንዳርጋቸው ወዳጆች መንገዱን ሞልተው ሲመጡ ፊታቸውን ወደ ዝማሬው አዙረው አለፏቸው። ሌሎችም እነዚያን አይተው አዞሩ።

“እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር” አሏት ጋሽ ዳኛው ወደ ቀሐ እያመለከቱ።

እስከዳር ቸኩላ ነበር፤ እህቷ ታች እየጠበቀቻት ነው። ግን እርምጃዋን ከእርሳቸው ጋር እኩል አደረገች፤ ሰላም የሚላቸው አንድ ሰው እንኳ ባገኝ እያለች ዙሪያውን እየተመለከተች፣ ቀስ ብላ አብራቸው ወረደች።