ለጨዋነት የተሰጠ ዜሮ

የኛ ሰው ስለ ዝምታ ሁለት ልብ ነው። "ዝም አይነቅዝም" እያለ ያሳድግህና፣ ሰው የምትባልበት ዕድሜ ላይ ስትደርስ "ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል" ብሎ ይወቅስሃል። ከአንዱ ተረት ወደ ሌላው መቼ መሻገር እንዳለብህ ግን የሚነግርህ የለም። እኔም ለልጄ የነገርኳት የመጀመሪያውን ብቻ ነበር። ሁለተኛውን ያስታወሰኝ ዳላስ ውስጥ ያለ አንድ የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ክፍል ነው።

አንተም ልጅህ አሥራ አንደኛ ክፍል ልትገባ ከሆነ ጠጋ በልና ስማኝ። እዚህ ክፍል መጽሐፍ ይነበባል፤ ይህን ትጠብቃለህ። ድርሰት ይጻፋል፤ ይህንንም ትጠብቃለህ። የማትጠብቀው፣ መምህሯ "ደራሲው ምን አለ?" ብላ ከጠየቀች በኋላ "አንቺስ ምን ትያለሽ?" ማለቷን ነው። እኛ በተማርንበት አገር እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀን መምህር አልነበረም። ቢጠይቀንም መልሱን ከሰሌዳው ላይ ፈልገን እንገለብጥ ነበር።

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስምንት፣ ዲቪ ደርሶን በመጣን በሁለተኛው ዓመት ነው። ሌክ ሃይላንድስ የሚባል የዳላስ ሰፈር አፓርትመንት ተከራይተን እንኖራለን። እኔ ዩለስ የምትባል ከተማ አጠገብ ባለው ኤርፖርት የመንገደኛ አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሥራ በማይኖረኝ ቀን ደግሞ የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። ልጄ ሕሊና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። በመኸር የወላጆች ቀን ተጠራሁና ሄድኩ። የሥነ ጽሑፍ መምህሯ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ ቦርሳዋ ውስጥ የምትፈልግ ደግ ሴት ናት። ኮስተር ብላ፣ "ሕሊና ክፍል ውስጥ አንዲት ቃል አትናገርም፤ ሳናግራትም መሬት መሬት ታያለች" አለችኝ።

ደስታዬን አልቻልኩትም። ብድግ ብዬ በሁለት እጄ ጨበጥኳትና "በጣም አመሰግናለሁ፤ እኛ ቤት ያሳደግናት እንደዚህ ነው" አልኳት። ግራ ገብቷት ፈገግ አለች። ቤት ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ለባለቤቴ "ልጅሽን አመሰገኑልሽ!" ብዬ አበሰርኳት።

የምስጋናው ወረቀት በሦስተኛው ሳምንት መጣ። ተሳትፎ፣ ዜሮ። ከሥሩ ደግሞ፣ በመጨረሻው ውይይት ላይ ካልተናገረች ትምህርቱን ትወድቃለች፣ ከወደቀች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም ይላል።

"ያን ቀን ልነግርህ ነበር አባዬ" አለች ሕሊና። "ግን በጣም ደስ ብሎህ ስላየሁ ተውኩት።"

ወረቀቱን እንደያዝኩ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ነገሩን አስረዳችኝ። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን ክብ አድርገው ይቀመጣሉ። መምህሯ ጥግ ይዛ፣ የተናገረውን ከነንግግሩ ትመዘግባለች። "ማለቴ፣ እጅ ማውጣት የለም እኮ። ዘለህ መግባት ነው። ሶ፣ ሰው አቋርጬ እንዴት ነው የማወራው?"

"ይሄማ ዕድር ነው!" አልኩ።

አገር ቤትም እዚህም ለአሥራ አራት ዓመት የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የጻፈ ሰው እዚህ ላይ ካልጠቀመ የት ሊጠቅም ነው? ሳሎናችንን አዳራሽ አደረግነው። እኔ ሰብሳቢ ሆኜ በቴሌቪዥኑ ሪሞት ጠረጴዛውን እየመታሁ አስተማርኳት። "አታቋርጪም፤ ተከትለሽ ትገቢያለሽ። መጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጠሽ ቤቱን ታመሰግኛለሽ። ቀጥሎ ካንቺ በፊት የተናገረውን ሰው ሐሳብ ታነሺና ታከብሪለታለሽ። 'ግን' የምትባለዋን ቃል የምታወጫት ከዚያ በኋላ ነው።" የሚወያዩበት ታሪክ ቤቱን በገዛ እጁ ሠርቶ በጨረሰ ማግስት ሸጦ፣ ሚስቱን ጋሪ ላይ አሳፍሮ ወደማያውቀው አገር ስለሚሄድ ገበሬ ነው። ስለ ሰውየው ምን እንደምታስብ አልጠየቅኳትም። ያስተማርኳት አካሄዱን ብቻ ነበር።

ከውይይቱ በኋላ መምህሯ ሁለታችንንም አስጠራችን። ወደቀች ልትለኝ ነው ብዬ ገባሁ። ሴትየዋ ግን ፊቷ በርቷል። ልጆቹ ሁሉ ሰውየውን ጀግና ነው፣ ነፃ ሰው ነው ሲሉ ቆይተው ሕሊና ገባች አለችኝ። ያስተማርኳትን ወደ እንግሊዝኛ መልሳ፣ "ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጓደኛዬ ሰውየው ነፃ ነው ያለው እውነት ነው። ግን ሚስቱን የጠየቃት የለም። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድ ጊዜ አትናገርም። ዝም ያለ ሰው ሐሳብ የለውም ማለት ግን አይደለም" አለች። መምህሯ "ይህን ታሪክ ስንት ዓመት ሳስተምር ሚስቱን አላየኋትም ነበር" አለች። ነጥቡ ሙሉ ነው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "እርስዎስ ስለ ሰውየው ምን ያስባሉ?" አለችኝ።

የዕድሩ ጸሐፊ መሬት መሬት አየ። ኮተቤ የሠራሁትን ቤት አጥሩን አሠርቼ በጨረስኩ በዓመቱ ሸጬ የመጣሁ ሰው ነኝ። የዲቪውን ፎርም የሞላሁት ብቻዬን ነው። ቪዛው እስኪመታም ለማንም ትንፍሽ እንዳትሉ ብዬ ቤተሰቤን አስምያለሁ።

መኪና ውስጥ ገብተን ትንሽ እንደሄድን "ወደ አሜሪካ ስንመጣ ጠይቄሽ ነበር?" አልኳት።

"አልጠየቅከኝም።"

"ብጠይቅሽ ኖሮ ምን ትዪ ነበር?"

ጉሮሮዋን ጠረገች። "በመጀመሪያ ዕድሉን ስለሰጠኝ ቤቱን አመሰግናለሁ" አለች።

ሳቅን። ከዚያ "ግን" መጣች። ስድስት ዓመት አብራት ስለተማረች፣ እኔ ምስጢር ጠብቂ ስላልኳት ሳትሰናበታት ትታት ስለመጣቻት ጓደኛዋ ነገረችኝ። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ደብዳቤ አልመለሰችላትም። የቤታችንን መታጠፊያ እያወቅኩ አለፍኩት፤ ሕሊናም አየች፣ ንግግሯን ግን አላቋረጠችም። ስትጨርስ ይቅርታ ጠየቅኳት። ከልቤ ነበር።

ቤት ስንደርስ ባለቤቴ በሩን ከፍታ "ምነው ቆያችሁ?" አለች።

ለካ እሷንም አልጠየቅኳትም። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩና ሪሞቱን አንስቼ ሰጠኋት።

"ስብሰባ ላይ ነበርን" አልኳት። "ቀጣይዋ ተናጋሪ አንቺ ነሽ።"