ከአንገት በላይ የሆነ የድጋፍ ደብዳቤ

ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው ከነፍስ አባት ቀጥሎ የሰው ምስጢር የሚያውቅ ፍጡር ነው። ልዩነታችን ትንሽ ናት፤ እሳቸው ይፈታሉ፣ እኔ ላሚኔት አደርጋለሁ። ማን ከማን እንደተፋታ፣ የማን ልጅ ስንት እንዳመጣ፣ ማን ከሥራው ተባርሮ በዚያው ቀን «በራሱ ፈቃድ መልቀቁን» የሚገልጽ ደብዳቤ እንዳሠራ፣ ሁሉም እኔው መስታወት ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ያልፋል። እኔ አልናገርም። «ዝምተኛ ናት» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። ግን በሦስት ዓመት ሥራዬ አንድ ነገር አይቻለሁ። የተማረ ሰው በሕይወቱ ጨርሶ የማይጠረጥረው ነገር ቢኖር፣ ያልተማረ ሰው ማንበብ መቻሉን ነው።

ሱቃችን ሀይሌ ጋርመንት፣ ከለቡ ታክሲ መያዣው ወደ ሆስፒታሉ ስትታጠፉ በግራ በኩል ናት። እኔ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ምክንያቱን አትጠይቁኝ፤ ምክንያቱ አሁን አምስት ዓመቷ ነው፣ ስሟም ሶልያና ይባላል።

ሶልያና የምትሰማው በአንድ ጆሮዋ ነው። የግራው ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፈሳሽ ያወጣል፤ ታምቡሩ ተበስቷል፤ የሚዘጋው በኦፕራሲዮን ብቻ ነው ተብያለሁ። ትልቁ ሆስፒታል ወረፋ አስይዣለሁ፤ ወረፋው የደረሰ ዕለት ልጄ ሳትሆን የልጅ ልጄ ትታከምበት ይሆናል። እሷ እንደሆነች ዘዴዋን ፈጥራለች። ልትሰማው የፈለገችውን ሰው በቀኝ፣ የሰለቻትን በግራ ታስተናግዳለች። የእኔን ቁጣ በሙሉ የምትቀበለው በግራ ነው።

ሐኪሟ ዶክተር ምሥጋናው በሰፈራችን ሆስፒታል ከአንገት በላይ ስፔሻሊስት ነው። (ፊት ለፊት «እርስዎ» ነው የምለው፤ እዚህ ግን እኔና እናንተ ብቻ ስለሆንን «እሱ» እያልኩ ልቀጥል።) በእኛ አማርኛ ጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ የሚያክም ሰው «ከአንገት በላይ» ይባላል። ከልቡ ሳይሆን ለወጉ ያህል የሚናገር ሰውም «ከአንገት በላይ» ነው የሚባለው። ዶክተሩ ማዕረጉ ከአንገት በላይ ይሁን እንጂ ሥራው ከአንጀቱ ነው። አለቃው፣ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ፣ ደግሞ… ቆይ፣ እሳቸው ጋ እንደርሳለን፤ እሳቸው እንደሆኑ ከስብሰባ እስኪወጡ መጠበቅ የግድ ነው።

ሆስፒታሉ ውስጥ በእርዳታ የመጣ የጆሮ ኦፕራሲዮን ማይክሮስኮፕ አለ። የመጣ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ከጎኑ ቆመው ፎቶ ተነሥተዋል፤ ፎቶውን አሳድጌ ያተምኩት እኔ ስለሆንኩ ከማሽኑ ይልቅ ከረባታቸው በደንብ እንደሚታይ አውቃለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማሽኑ አረንጓዴ ጨርቅ ተከናንቦ ቆሟል። በእሱ ታምቡር መጠገን የሠለጠነ ሰው የለማ! ሥልጠናው የሚፈጀው ስድስት ሳምንት ነው። እኛ ኮንዶሚኒየም ውኃ ጠፍቶ ከዚያ በላይ ቆይቷል።

አንድ ጠዋት ዶክተሩ ወረቀት ታቅፎ መጣ። ውጭ አገር ያለ ሆስፒታል ከየአገሩ ሐኪሞችን ተቀብሎ፣ ትኬታቸውንም ማደሪያቸውንም ችሎ፣ ስድስት ሳምንት የጆሮ ኦፕራሲዮን እንደሚያሠለጥን ማስታወቂያ አውጥቷል። ማመልከቻው እንዴት ነው የሚገባው ትሉ ይሆናል። ሐኪም የሆነ ዘመድ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ አሥረኛ ክፍል ያቆመች ሴት በነጻ ታስረዳችኋለች።

በመጀመሪያ ማስታወቂያውን እስከ ታች ማንበብ ነው። ቀላል ይመስላል፤ እኔ ጋ ከሚመጡት አብዛኞቹ ግን «ነጻ ትኬት» የሚለው ላይ ሲደርሱ ማንበብ ያቆማሉ። ከዚያ ፎርሙ አለ። ፎርሙ «የቤተሰብ ስም» ይላል፤ እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ስም የለም፣ ያለው አባት ነው። የዶክተሩ አባት ደግሞ በዲግሪው ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል፣ በፓስፖርቱ በሌላ፣ በሙያ ፈቃዱ በሦስተኛ ተጽፈዋል። ሦስቱ አንድ ሰው መሆናቸውን የሚያስረዳ ወረቀት ለብቻው ወጣ። ከዚያ ሲቪ። ከዚያ በእጁ ያለፉ ኦፕራሲዮኖች ዝርዝር። ከዚያ «ይህን ሥልጠና ለምን እንደፈለጉ በራስዎ ቃል ይጻፉ» የሚል ገጽ። በመጨረሻ የመሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ፦ ሐኪሙ የእኛ ነው፣ ደሞዙ ሳይቋረጥ እንለቀዋለን፣ ሲመለስ ማሽኑም ሥራውም ይጠብቀዋል የሚል። ደብዳቤው ከሦስት ወር ወዲህ የተጻፈ፣ ከኃላፊው ቢሮ በቀጥታ የተላከ መሆን አለበት። ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ይህች ከጎደለች ማመልከቻውን አያዩትም።

የራስ ቃሉን እኔው ጠረጴዛ ጥግ ተቀምጦ ጻፈው። እስክሪብቶውን ሲያኝክ ቆየና፣

«የሶልያና እናት፣ ልጅቷን ልጽፋት?» አለኝ።

«ምን ብለው?»

«ቀዳዳው ይታየኛል፣ ማሽኑም አለ፣ እጄ ግን ገና አያውቅበትም ብዬ።»

«ይጻፏት። ስሟን ብቻ አይጥሩ። ደግሞ ደንቆሮ ናት እንዳይሉብኝ፤ የማትሰማው መስማት የማትፈልገውን ነው።»

ሳቀ። ኮምፒውተር ላይ ስገለብጥለት እንግሊዝኛው ሁሉ አልገባኝም፤ «እናት» እና «ትምህርት ቤት» የሚሉት ላይ ስደርስ ግን ጣቴ ፊደል መሳት ጀመረ።

አሁን ሥራ አስኪያጁ ጋ ደረስን። ደረስን ማለቴ፣ በራቸው ላይ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለ ምን? የተገልጋይ እንግልትን ስለ መቀነስ። ማመልከቻው በሚዘጋበት ዕለት፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጸሐፊያቸው እትዬ አስካለ በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ይዘው እያለከለኩ ገቡ። የሆስፒታሉ ፕሪንተር ቀለም ከጨረሰ ስለሰነበተ እኔ ልጽፈው፣ እሳቸው አስፈርመውና ማኅተም አስመትተው ሊመልሱት፣ ከእኔው ኮምፒውተር በቢሮው ኢሜይል ሊላክ ነው።

ጻፍኩ። ቀኑ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው፤ ቀኑ በእኛ። ቁጥር ብቻ። በማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚናገር አንዲት ፊደል የለችውም። ይህን የሚያነብ ፈረንጅ፣ ደብዳቤው ስምንት ዓመት መሳቢያ ውስጥ ያደረ ነው የሚመስለው።

«እትዬ አስካለ፣ ቀኑን ወደ ፈረንጅ ልቀይረው?»

«እኔ ምን አውቄልሽ እናቴ። ልደውልላቸው።»

ደወሉ፤ እኔም እንድሰማ ብለው የስልኩን ድምፅ ለቀቁት።

«ማነው ቀን ይቀየር ያለው?» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የኮፒ ቤቷ ልጅ ናት፣ ጌታዬ።»

«ስንተኛ ክፍል ናት?»

እትዬ አስካለ እኔን አዩኝ። እኔ ፕሪንተሩን አየሁት።

«አሥረኛ… መሰለኝ።»

«ንገሪያት! ይህች አገር የራሷ ዘመን አላት። ለፈረንጅ ብለን ዘመናችንን አንሸጥም!»

«ከጎኑ ‹በኢትዮጵያ አቆጣጠር› የምትል ልጨምርበት በሉልኝ» አልኩ በሹክሹክታ። እትዬ አስካለ አቀበሏቸው።

«እኔ ባረቀቅሁት ላይ አንዲት ነጥብ እንዳትጨመር!» ስልኩ ተዘጋ።

ለዶክተሩ ደወልኩ። ኦፕራሲዮን ክፍል ነው፤ ይጠራል፣ አይነሣም። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። የሚቀየረው ጥቂት ቁጥር ነው፤ ሰውዬው እንደሆኑ የሚፈርሙትን አያነቡም። ግን አልነካሁትም፤ እንዳለ አተምኩት። እትዬ አስካለ አስፈርመው፣ ማኅተሙ ገና ሳይደርቅ ይዘውት ተመለሱና «ላኪው» አሉኝ። ላክሁት። ትሕትና ይዞኝ ዝም ያልኩ እንዳይመስላችሁ። አፌን የዘጋው «ስንተኛ ክፍል ናት» የሚለው ነው።

መልሱ በወሩ መጣ። ዶክተሩ እንዳትምለት ይዞት መጣና ቆሞ ተረጎመልኝ። ስለ ማመልከቻዎ እናመሰግናለን። ስለ ሕፃኗ የጻፉት ልባችንን ነክቶታል። ይሁን እንጂ የመሥሪያ ቤትዎ ደብዳቤ ከስምንት ዓመት በፊት የተጻፈ በመሆኑ ማመልከቻው ያልተሟላ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ በሚከፈተው ዙር ቢሞክሩ ደስ ይለናል።

«ያን ጊዜ እኮ ገና ተማሪ ነበርኩ» አለ። «ስፔሻሊስት እንደምሆን አስቀድመው ታይቷቸዋል ማለት ነው።» ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

«አይቼው ነበር፣ ዶክተር። ደወልኩልዎት።»

«አውቃለሁ። ሚስኮልሽን አይቻለሁ።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ግን ተቆጡ። «ይንቁናል!» አሉ፤ ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚቴም አቋቋሙ። ኮሚቴው የደብዳቤውን ይዘት መርምሮ አንድም ስሕተት አላገኘም። እውነት ነው፤ ለዘመኑ ትክክል ነበር። በእነዚያ ስድስት ወራት የሶልያና ጆሮ ሁለት ጊዜ አመረቀዘ። አስተማሪዋ ከፊተኛው ወንበር አስቀመጠቻት። ዶክተሩ ጆሮዋን በመብራት አይቶ «ሰፍቷል» ብሎኝ፣ ወዲያው ዞር ብሎ እጁን መታጠብ ጀመረ። እጁ ግን ንጹሕ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ሊከፈት ሲል ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሱቃችን ብቅ አሉ። እሳቸውም በስፖንሰር ውጭ ሊሄዱ ነው። ሥልጠና አይደለም፤ «ልምድ ልውውጥ» ነው። ልዩነቱን ለማታውቁት፦ ሥልጠና የሚሄድ ሰው የሚሠራበትን እጅ ይዞ ይሄዳል፤ ልምድ ልውውጥ የሚሄድ ሰው ባዶ ሻንጣ። ለእሳቸውም የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ የሚፈርመው የሆስፒታሉ የበላይ ኃላፊ ነው፤ የበላይ ኃላፊው እሳቸው ናቸው። «ሥራ አስኪያጁ ታታሪና አርቆ አሳቢ መሆናቸውን በቅርብ ስለማውቅ…» ብለው ለራሳቸው መስክረዋል። ለራሳቸው ከእሳቸው የቀረበ ሰው እንደሌለ ማን ይክዳል?

ቀኑን አየሁ። በፈረንጅ! ጥርት ያለ፣ የታጠበ ፈረንጅ።

«ጌታዬ፣ ቀኑን ወደ እኛ ልመልሰው?» አልኳቸው፤ ክፋት አማረኝ።

«አእምሮ የለሽም እንዴ፣ አንቺ ልጅ? ይኼ እኮ ውጭ አገር ነው የሚሄደው!»

ዘመናችን በዚያች ደቂቃ ተሸጠ። ገበያው ላይ ነበርኩ።

ሄዱ። ሁለት ሳምንት ቆዩ። በዚያ መሃል ማኅተሙ የተተወው ለምክትላቸው፣ ለሲስተር ብርቅነሽ ነበር። የዶክተሩን የድጋፍ ደብዳቤ በራሳቸው እግር ይዘው መጡ፤ ጎፋ የሚሄድ ታክሲ እንዳያመልጣቸው ቦርሳቸውን እንኳ ከትከሻቸው አላወረዱም። «እናቴ፣ ቀኑ በማን ይሁን?» ሲሉኝ ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም።

«በሁለቱም፣ ሲስተር።»

«በሁለቱም አድርጊዋ።»

አንድ ሻይ ቀርቦ ሳይቀዘቅዝ ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመቶበት ተላከ። ልምድ ልውውጡ ለሆስፒታላችን አልጠቀመም የሚል ካለ እኔ እከራከረዋለሁ። ሰውዬው አልነበሩማ!

ዶክተሩ ተቀባይነት አግኝቶ ከሄደ እነሆ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ትናንት በቴሌግራም ጻፈልኝ፦ «ለሶልያና ንገሪያት፣ እጄ እየለመደ ነው። እንደተመለስኩ የመጀመሪያዋ እሷ ናት።» ነገርኳት፤ በቀኝ በኩል። «ጨርቁን ከማሽኑ ላይ እኔ ነኝ የማነሣው» ብላለች፤ ልክ እንደ ሪባን ቆራጭ።

ሥራ አስኪያጁም ተመልሰዋል። ዛሬ ከሰዓት መጥተው ሰርኩላር አጻፉኝ። የዶክተሩ መሄድ የእሳቸው ክትትል ውጤት መሆኑ ተጠቀሰ። ካዩት ልምድ በመነሣት ከእንግዲህ ከሆስፒታሉ የሚወጣ ማንኛውም ደብዳቤ በሁለቱም አቆጣጠር ቀን ይጻፍበት፣ ይህን የተላለፈ ሠራተኛ ይጠየቃል ተባለ። ሶልያና ከትምህርት ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። ትንሽ አዳመጠቻቸው፤ ከዚያ ወንበሯ ላይ ቀስ ብላ ዞረችና ግራ ጆሮዋን ሰጠቻቸው።

አንብበው ፈረሙ ልላችሁ አልችልም፤ ፈረሙ። ማኅተሙን ራሳቸው መቱበት፤ ኮፒውን ለየክፍሉ እንዳበዛው ነግረውኝ ወጡ። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ከመድፋቴ በፊት እንደ ልማዴ አንዴ ከላይ እስከ ታች አየሁት።

ቀን የለውም። በእኛም፣ በፈረንጅም።

ስንተኛ ክፍል እንደሆንኩ ትዝ አለኝና አባዛሁት።