የልጄ ሌላኛው እጅ

ልጄ ሶልያና ትንሽ ሳለች፣ “እማዬ፣ ብርጭቆ ለመያዝ አንድ እጅ ይበቃል። ሁለተኛው ምን ይሠራል?” ብላ ጠየቀችኝ። የጠየቀችኝ በእንግሊዝኛ ነው፤ ክሪስታል በምትባል የፈረንጅ ከተማ ተወልዳ በምን ትጠይቀኝ? ሽማግሌ ጎረቤታችን ውሃ ሲሰጧት በሁለት እጅሽ ተቀበይ ብያት ነበር። እኔ ደግሞ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝ፣ ለሁሉ ነገር መልስ የለኝም። “ሌላኛው እጅሽ ምንም እንዳልደበቀ እንዲያዩ ነው” አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ይህቺ ልጅ አድጋ፣ ኮሌጅ ገብታ፣ ዘንድሮ ዊንተር ላይ ለኢንተርንሺፕ ሴኡል ሄደች። ሌላ ቦታ ጠፍቶ? እዚሁ አጠገባችን ኢገን ከተማ ስንት መሥሪያ ቤት አለ፤ ድራይቭ አድርጋ ሄዳ ማታ ቤቷ ትገባ ነበር። “ማም፣ ኢገን ሄጄ ምን አያለሁ?” አለችኝ። እኔስ የፈለግሁት ምንም እንዳታይ አይደል?

እኛ ጋ ሲመሽ እዚያ የነገ ጠዋት ነው። እስቲ አስቡት፣ ልጄ ነገ ውስጥ ነው የምትኖረው። የሚደርስባት ሁሉ እኔ ሳልሰማ ደርሶ ያልቃል። ሥራ ቦታዬ፣ ነርሲንግ ሆም፣ አሮጊቶቹን ሳጥብ ልቤ እሷ የምትሳፈርበት ባቡር ጋ ነው። ባቡሩ ከመሬት በታች ነው የሚሄደው፤ ደረጃው ወርደው ወርደው አያልቅም ብላኛለች። ክፍሏ የኛን የልብስ ክሎዜት ብታክል ነው። ሰዉ ደግሞ ካፌ ውስጥ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ትቶ ሽንት ቤት ይሄዳል፣ ማንም አይነካበትም አለች። እሷ ደስ ብሏት ነው የምትነግረኝ፤ እኔ የባሰ ፈራሁ። ይህን ያህል ደግ ከተማ በሌላኛው እጁ ምን ይዞ ይሆን? ለእመቤቴ ሻማ ማብራት አበዛሁ።

አንድ ነገር ግን ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። ሥራ የጀመረች ቀን ለአለቃዋ ወረቀት ስታቀብል፣ ሳታስበው በሁለት እጇ ሰጠቻት። ለካ እዚያም ደንቡ እንደዚያ ነው። አለቃዋ እኔን የምታህል ሴት ናት፤ ማን አስተማረሽ ብትላት እናቴ አለቻት። “ታዲያ ጥያቄሽ ተመለሰልሽ?” ብላት ሳቀች።

ባለፈው ሰሞን ስልኳን ጠረጴዛዋ ላይ አስደግፋ ስናወራ፣ አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ቡና አቀበለቻት። ሶልያና በግራ እጇ ብቻ ተቀበለች።

“ሶልዬ፣ ቀኝ እጅሽ የት አለ?”

“እዚሁ ነው።”

“አሳዪኝ።”

“ማም፣ ሥራ ላይ ነኝ።”

“እጅ ለማሳየት ፈቃድ ይጠየቃል እንዴ እዚያ አገር?”

ቀስ ብላ አወጣችው። እስከ ክርኗ በጀሶ ታስሯል። ያ የፈራሁት የባቡር ደረጃ ላይ ወድቃ ነው። ሆስፒታል የወሰደቻት አለቃዋ ናት፤ ገንፎም ይዛላት መጥታ ነበር። ለኔ ብቻ ነው ያልተነገረኝ። ለምን ደበቅሽኝ ብላት፣ ትፈሪያለሽ ብዬ አለች።

“ትኬትሽን አስለውጠሽ ትመጫለሽ። አለቀ።”

“እሺ፣ እመጣለሁ። መጀመሪያ ግን ተነሽና ቁሚ።”

“ለምን?”

“ሰሞኑን የማየው ፊትሽን ብቻ ነው። ከሶፋው ተነስተሽ አታውቂም።”

እናንተ፣ ምን ልበላት? ኒው ሆፕ ከተማ፣ የሥራ ቦታዬ ፓርኪንግ ሎት ውስጥ በረዶ አንሸራቶኝ ቁርጭምጭሚቴ ተሰብሮ ነበር። በሰው አገር ትጨነቃለች ብዬ ስልኩን ፊቴ ላይ አስጠግቼ ነበር የማወራት። አሁን ነገርኳት።

“ማን ሆስፒታል ወሰደሽ?” አለች፣ ድምፅዋ ተለውጦ።

“ራሴ ድራይቭ አደረግሁ። የተሰበረው ግራው ነው፣ የምነዳው በቀኙ፣ አይዞሽ።”

“ምግብስ ማን አመጣልሽ?”

ያን ሁሉ ሻማ ለሴኡል ባቡር አብርቼ፣ ለኒው ሆፕ ፓርኪንግ አንዲት እንኳ አላበራሁም። የትኬቱን ነገር ሁለታችንም አላነሳነውም።

በማግስቱ ጠዋት፣ እዚያ ሲመሽ፣ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፌ ደወልኩላት። ከራስ እስከ እግሬ እንድታየኝ በምርኩዝ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከዚያ ምርኩዙን ግድግዳ ላይ አስደግፌ፣ በአንድ እግሬ ቆሜ፣ ሁለቱንም እጆቼን አነሳሁላት።

“ማም፣ ትወድቂያለሽ፣ ያዢ” አለችኝ።

እስቲ ደግሞ እሷ ትፍራ ብዬ ትንሽ ቆየሁ።