ይህ ስም ተይዟል

እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ስማችሁን ማን አወጣላችሁ? አባት ነው፣ እናት ናት፣ ወይ ደግሞ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልትል የመጣች አንዲት አክስት ናት። ብቻ እናንተ አይደላችሁም። በአገራችን ሰው ስሙን እንደ አፍንጫው ተቀብሎ ነው የሚኖር፤ ወደደው ጠላው እዚያው ፊቱ ላይ ነው። ታዲያ ይህ ስልክ የሚሉት ነገር መጣና፣ ዕድሜ ልኩን ስም ሲወጣለት የኖረውን ሕዝብ በአንድ ጊዜ «በል፣ ራስህ ለራስህ ስም አውጣ» አለው። ያውም ቆሞ፤ ያውም ከኋላው ሦስት ሰው ተሰልፎ «ቶሎ በል እንጂ» እያለው።

እኔ ይህን ጉድ የማየው ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። ስልክ እሸጣለሁ፣ የተሰበረ መስታወት እቀይራለሁ፣ ፎቶ አትማለሁ፣ አካውንት መክፈት ለማያውቅ እከፍታለሁ። ከዚያ በፊት እዚያችው ሱቅ ውስጥ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እጽፍ ነበር። ያኔ ሰው ስሙን ሲነግረኝ እስከ አያቱ ድረስ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ደረቱን ነፍቶ ነበር። ዛሬ «ዩዘርኔምዎ ማን ይሁን?» ስለው ጣራ ጣራ ያያል። እኔም ምን ይል ይሆን ብዬ አፍ አፉን አያለሁ። ወሬ ትወዳለች ይሉኛል። ስም ማጥፋት ነው! እኔ ወሬ አልወድም፤ ወሬው ነው እኔን የሚወደኝ።

ምን የማላየው አለ መሰላችሁ! ውጭ ውሻ ሲጮኽ ደንግጦ ሱቄ ውስጥ ዘሎ የገባ ጎረምሳ፣ ትንፋሹ ሳይመለስ «‹አንበሳው› ብለሽ ጻፊልኝ» ይለኛል። እጽፍለታለሁ፤ እኔ ምን ቸገረኝ። አንዲት ቆንጆ ደግሞ ከስሟ መጨረሻ የተወለደችበትን ዓመት በእኛ አቆጣጠር አስገባች። ቁጥሩን ያየ አንድ ውጭ አገር ያለ ሰው በፈረንጅ ቆጥሮ ሰባት ዓመት ጨመረባትና ነገሩ ሳይጀመር ቀረ። ተመልሳ መጥታ «ይኼን ቁጥር አጥፊልኝ፣ አስረጀኝ እኮ!» ስትል ሱቁ በሳቅ ፈረሰ።

የቤተ ክህነት ልጆች ግን የተለዩ ናቸው። ሌላው ራሱን ከፍ ከፍ ሲያደርግ እነሱ ዝቅ በማለት ይሽቀዳደማሉ። አንድ የቅኔ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ «‹ኃጥእ ወአባሲ› በይልኝ» አለኝ። ኃጢአተኛና በደለኛ ማለቱ ነው። አስገባሁት፤ ተይዟል። «እንግዲያው ‹ኃጥኡ› ብቻ ይሁን» አለ። እሱም ተይዟል። «አቤት፣ በኃጢአትም ቀደሙኝ?» ብሎ አንገቱን ነቀነቀ። በመጨረሻ ስልኩ ራሱ አዘነለትና «ኃጥኡ ሦስት» የሚል ሐሳብ አቀረበለት። ተቀበለ፤ ነገር ግን ሦስተኛ መውጣቱ ትንሽ ሳይከፋው አልቀረም።

እንዲህ እንዲህ እያየሁ፣ ሰው ለራሱ ስም ሲያወጣ የሚመኘውን ነው የሚጽፈው ብዬ ደምድሜ ተቀምጬ ነበር። አያ ጣለው እስኪመጡ ድረስ።

አያ ጣለው ከትክል ድንጋይ ወጣ ብሎ ካለ አገር የሚመጡ ገበሬ ነበሩ። በስማቸው አትሳቁ። ከእሳቸው በፊት የተወለዱ ሦስት ልጆች በሕፃንነታቸው ሞተውባቸው፣ እናትዮዋ አራተኛውን ሲወልዱ ሞት እንዳይመኘው «ጣለው» አሉት። የተጣለ ነገር ማን ያነሣል ብለው ነው። መላዋ ሠራች፤ አያ ጣለው ስድሳን ዘለሉ። ሳንጃ ከተማ የምታስተምር ትርንጎ የምትባል ልጅ አለቻቸው። ስልኩን የገዛችላቸው እሷ ናት፤ ድምፅዋን እየቀዳች ልትልክላቸው፣ እሳቸውም ሊመልሱላት። አካውንቱን ለማስከፈት አንድ ቅዳሜ ስልካቸውን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«ስም ይፈልጋል አያ» አልኳቸው።

«ጣለው በይዋ።»

ተይዟል።

«ተይዟል ማለት ምንድን ነው?»

«ሌላ ሰው ቀድሞ ወስዶታል ማለት ነው።»

«ምነው! ስሜን? የት አባቱ አግኝቶት!» አሉና ሌባው ከሰልፉ መሐል ያለ ይመስል ዞረው የቆመውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አዩት። የአባታቸውን ስም ጨመርንበት፤ ተይዟል። አገራቸውን ጨመርንበት፤ እሱም ተይዟል። «ቁጥር ልጨምርበት?» ስላቸው ጭራሽ ተቆጡ። «በሬዎቼ እንኳ ስም አላቸው እታለም! እኔ በቁጥር ልጠራ?»

ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። እኔም ትዕግሥቴ አለቀና ያቺን ቃል ተናገርኩ። «እንግዲያው ማንም የማያውቀው ስም ይፈልጉ አያ!»

እሳቸው በሩን አዩ። ከዚያ በባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብለው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ አንድ ስም በጆሮዬ ሹክ አሉኝ።

«የክርስትና ስሜ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እናቴ አፍና የያዘችው ነው። ምሽቴም አታውቀው። ደግሞ በፈረንጅ ፊደል ጻፊው፤ ደብተራ በፈረንጅ ፊደል አይደግምም።»

ይህን ፍርሃት መቼም ታውቁታላችሁ። መተት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው የክርስትና ስም ነው ይባላልና፣ ልጅ የሚሞትባት እናት ስሙን ከሰው አፍ ታርቀዋለች። እኔ «ኧረ አያ፣ ይኼኛው እኮ ለሰው የሚታየው ነው!» ልላቸው አፌን ስከፍት ስሙ ተቀባይነት አግኝቶ ስልኩ ወደ ፓስወርዱ አልፏል። «አሁን ደግሞ ማንም የማይሰማው፣ የሚደበቅ ቃል ይፈልጋል» አልኳቸው። ቀና አሉና ሰልፉ ሁሉ እስኪሰማ ድረስ «ጣለው!» አሉ።

የሚደበቀውን በር ላይ ለጥፈው፣ አገር የሚያውቀውን ቆለፉበት። እኔ ከውስጥ ሳቄ እየተናነቀኝ ነው። እሳቸው ግን እፎይ ብለው «ሸጋ ነው» አሉና ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ያን ስም ለማንም እንዳትናገሪ። በይ ማይልኝ።»

«ማርያምን!» አልኩ።

ሄዱ። እኔም ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ እስከነፊደሉ ነው ከጭንቅላቴ የጠፋው። ወሬ ቢሆን ኖሮ አልረሳውም ነበር፤ ምስጢር ሆነና ረሳሁት።

ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሁለት ሴቶች ጥቁር ለብሰው ገቡ። አንዷ ትርንጎ ናት፤ ሌላዋ እናቷ እቴ ጥሩዬ። አያ ጣለው አጭር ሕመም ታመው ሞተዋል፤ አርባቸው የፊታችን እሑድ ነው፤ የመጡት ለዚያ ቀን የሚቆም ትልቅ ፎቶ ሊያሳትሙ ነው። ክው አልኩ። ያ ሁሉ ቁጣ፣ ያ ሁሉ ሹክሹክታ አንድ ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም።

ፎቶውን ከትርንጎ ስልክ ላይ ወሰድኩ። አያ ጣለው ራሳቸውን ያነሡት ነው፤ በሬው ከነቀንዱ ጥርት ብሎ ይታያል፣ እሳቸው በዳር በኩል ግማሽ ፊት ናቸው። በሬውን በኮምፒውተር ቀስ እያልኩ ከፎቶው ሳስወጣ እቴ ጥሩዬ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ያለቅሳሉ። መጀመሪያ የሞቱን ለቅሶ መስሎኝ ነበር። ሌላ ነገር ኖሯል።

«በቀብሩ ቀን» አሉ እቴ ጥሩዬ፣ «ቄሱ የክርስትና ስሙን ቢጠይቁን ዘመድ ሁሉ እርስ በርሱ ተያየ። እናቱ ሞታለች። የክርስትና አባቱ ሞቷል። እኛ የተጋባነው በሰማንያ ነው፤ ቁርባን ቢሆን ኖሮ ያኔ እሰማው ነበር። የነፍስ አባታችንም የድሮው አልፈው አዲስ ናቸው። ቢቸግራቸው ‹ጣለው› እያሉ ጸለዩለት።»

«ታዲያ እግዜር ያውቀው የለ እቴ?»

«አንቺ ደግሞ! ቃሉን ስሚው እንጂ!» አሉና ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አደረጉት። «‹አቤቱ፣ ጣለው፣ ጣለው› እያሉ እኮ ነው የለመኑት! እሱ ደግሞ የለመኑትን የሚሰማ አምላክ ነው። ቢጥለውስ?»

ልስቅ ነበር። እግዜር ይይልኝ፣ አፌ ተከፍቶ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን መልሼ ገጠምኩት። ሴትዮዋ ቀልድ የላቸውም፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ቄሱ «ለአርባው ስሙን ፈልጋችሁ አምጡ» ብለዋቸው አገር ምድሩን ዞረው አንድ የሚያውቅ ሰው አጥተዋል። እሑድ እንደገና «ጣለው» ሊባል ነው።

ያቺ ቅዳሜ ከነሰልፏ መጣችብኝ። ጆሮዬ ላይ ያረፈው ትንፋሽ መጣ፣ የነጠላው ሽታ መጣ፣ ስሙ ግን ወዴት! ‹ወልደ› ነበር? ‹ገብረ› ነበር? ግማሹ ጎንደር ወልደ ነው፣ ግማሹ ገብረ። የስንቱን ጉድ ተሸክማ የምትዞር ጭንቅላት፣ የምትፈለግበት ቀን ባዶዋን ተገኘች። ቢመጣልኝስ? «ማርያምን» ብዬ ምዬ የለ!

ድንገት ብልጭ አለልኝ። «ትርንጎ፣ አባትሽ ስልክሽ ላይ አለ?»

«አለ እንጂ» አለችና አሳየችኝ። ከሁሉ በላይ ይታያል፤ ከስሙ ጎን ባለችው ትንሽ ፎቶ ውስጥ በሬውም አለ። ስሙ ግን እሷ እንደ መዘገበችው «አባዬ» ነው የሚለው። ዓመቱን ሙሉ ለአባዬ ስትልክ፣ ከአባዬ ሲላክላት፣ ከዚያ በታች ምን እንዳለ አንድ ቀን ከፍታ አላየችም። ለምን ታያለች? ማን የአባቱን ስም ይፈትሻል?

«በሬውን ንኪው» አልኳት። ነካችው። የስልክ ቁጥራቸው ወጣ፤ ከቁጥሩ ሥር ደግሞ በፈረንጅ ፊደል አንድ መስመር። ዓይኔ ገና ሲያየው አወቀው። እጄን አፌ ላይ ጫንኩት። «አንቺ አንብቢው። እኔ ምያለሁ!»

ትርንጎ ፊደል እንደሚቆጥር ሰው ጣቷን አስከትላ አነበበች። «ወል... ደ... ሰን... በት። ወልደ ሰንበት። ማን ነው ደግሞ ወልደ ሰንበት?»

እቴ ጥሩዬ ከበርጩማው ተነሡ። «አማቴ!» አሉ። «አማቴ እህል ስትፈጭ ‹የሰንበት ልጅ፣ የሰንበት ልጅ› ትል ነበር። እኔ እኮ ስለ ቀኑ የምታንጎራጉር መስሎኝ!» እልልታ ነው ለቅሶ ነው ያልለየ ድምፅ አወጡና የልጃቸውን ስልክ ነጥቀው ደረታቸው ላይ አጣበቁት።

ከዚያ ወዲያ መሐላዬ ምን ይሠራል፤ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ደብተራ በፈረንጅ ፊደል አይደግምም ያሉትን ስነግራቸው እያለቀሱ ሳቁ። ስቀው ሳይጨርሱ ግን ዓይናቸው ጠበበ።

«ቆይ እስቲ። ሠላሳ አምስት ዓመት ለኔ ያልነገረኝን ላንቺ በአንድ ቅዳሜ ነገረሽ?»

«ኧረ ለኔ አይደለም እቴ! ለስልኩ ነው የነገሩት» አልኩ። ብዙም ያመኑኝ አይመስለኝም።

እሑድ ሱቄን ዘግቼ አርባው ላይ ሄድኩ። ቄሱ «ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰንበት» ሲሉ እቴ ጥሩዬ ወደ ኋላቸው ዞር አሉ፤ የተጠራ ሰው «አቤት» ብሎ የሚመጣ ይመስል። እኔም ዞሬ አየሁ፤ ምን ላድርግ። ያን ስም ካህን ድምፁን ከፍ አድርጎ የጠራው በተወለዱ በአርባ ቀናቸው ነበር፤ ሁለተኛው ይኸው በሞቱ በአርባ ቀናቸው ሆነ። መሐል ላይ ስድሳ ምናምን ዓመት ተደብቆ ከርሞ፣ አንዱን ዓመት ደግሞ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ተለጥፎ አንድም ሰው ሳያየው ቀረ። አንበሳውና ኃጥኡ ሦስት በሞሉበት መንደር የእውነት ስሙን የጻፈ ሰው ይኖራል ብሎ ማን ይጠርጥር?

በሳምንቱ ቅዳሜ እናትና ልጅ ለምስጋና ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ትርንጎ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አካውንቱን እንዝጋው ይሆን?» አለችኝ። እቴ ጥሩዬ ሰሟት።

«ቢዘጋ ስሙ ምን ይሆናል?»

«ይለቀቃል እቴ። የፈለገ ሰው ሊወስደው ይችላል።»

«ምነው! አይነካም!» አሉ። ቢሆንም ልባቸው አላረፈም። ወደ ባንኮኒው ተጠጉና «ለመሆኑ አሁንስ አለ? አይተሽ ንገሪኝ» አሉኝ።

ከመደርደሪያው አዲስ ስልክ አወረድኩ። አዲስ አካውንት ጀመርኩ። ስም ሲጠይቀኝ «ወልደ ሰንበት» ብዬ፣ አያ ጣለው እንዳዘዙኝ በፈረንጅ ፊደል፣ አንድ በአንድ አስገባሁ። ወዲያው ከሥሩ ቀይ ጽሑፍ መጣ።

«ምን አለ?» አሉ እቴ ጥሩዬ፣ ወደ ስልኩ አንገታቸውን አስግገው።

«ተይዟል ይላል።»

«እሰይ!» አሉና ባንኮኒውን በሁለት እጃቸው ተደገፉ። «አልጣለውም ማለት ነው።»