ወተቱ እስኪበርድ

እናንተ ሆዬ፣ ሰፈር ውስጥ የኬሚስትሪ መምህር ሆኖ መኖር ቀላል እንዳይመስላችሁ። የታሪክ መምህሩን በር አንኳኩቶ ስለ ነገሥታት የሚጠይቀው የለም። እኔ ዘንድ ግን ሁሉም ይመጣል፤ ቅቤው ሙዝ ተቀላቅሎበት እንደሆነ፣ ማሩ ስኳር እንደሆነ፣ ነጠላ ላይ የፈሰሰ ወጥ በምን እንደሚለቅ። ብዙውን ጊዜ አላውቅም። አላውቅም ማለት ደግሞ ለመምህር ሞት ነው፤ ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ፊት አደርጋለሁ። ይህ ፊቴ ለዓመታት ማንንም ሳይጎዳ ኖረ።

ከደብረ ብርሃን ሐረር ስመደብ ለሁለት ዓመት ነበር፤ ይኸው አሥራ ሦስት ሆነኝ። አቦከር የሚባል ሰፈር የተከራየሁበት ግቢ ባለቤት እትዬ ጸዳለ ናቸው፤ አያቶቻቸው ከሸዋ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ንጹሕና ቁጥብ፣ ሲናገሩ የሰፈሩ ሴቶች ዝም ብለው የሚሰሟቸው። ወተት የሚያመጡልን ደግሞ አዴ ሀሊማ ናቸው። አዴ እዚህ አገር እናት እንደማለት ነው። ከከተማው ዳር ካለች መንደር ማለዳ አልበው፣ በጀሪካን ይዘው፣ አሥራ አንድ በር ያንኳኳሉ። ቤታቸውን የሚያቆመው ያ ወተት ብቻ ነው።

አንድ ቀን እትዬ ጸዳለ ጠሩኝ። "መምህር፣ ይሄ ወተት ከሁለት ሳምንት ወዲህ ቀጥኗል። ሲቀዳ ዥው ነው የሚለው። አንተ መቼም መለኪያ አታጣም።"

አላጣሁም። ከቤተ ሙከራችን ሃይድሮሜትር ተውሼ መጣሁ፤ ፈሳሽ ውስጥ ቀጥ ብሎ የሚንሳፈፍ፣ አንገቱ ላይ ቁጥር የተጻፈበት የብርጭቆ ቱቦ ነው። ወተት ውስጥ ሲከቱት ጥሩ ከሆነ ከፍ ይላል፣ ውሃ ካለበት ጠለቅ ይላል። አርብ ጠዋት አዴ ሀሊማ ጀሪካናቸውን እንዳወረዱ፣ አምስት ስድስት ሴቶች ከበውኝ፣ ወተቱን በረጅም ብርጭቆ ቀድቼ ቱቦውን ለቀቅሁበት። ጠለቀ። ጉሮሮዬን ጠረግሁና "ውሃ አለበት" አልኩ።

"ወላሂ ጠብታ አልጨመርኩም!" አሉ አዴ ሀሊማ። "አቦ፣ በዚህ አገር ውሃውን ከየት አምጥቼ? ቧንቧው ከመጣ ስንት ቀኑ ነው? ከውሃው ወተቱ አይቀለኝም?"

ሴቶቹ ሊስቁ ብለው እትዬ ጸዳለን አዩና ተዉት። አሁን ሳስበው መልሳቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነበር። እኔ ግን ቱቦዬን ጠራርጌ ወደ ትምህርት ቤት ሄድኩ።

ለተማሪዎቼ ቁስ ማለት ክብደት ያለውና ቦታ የሚይዝ ነገር ነው እላለሁ። ወሬ ሚዛን ላይ አይወጣም፤ ቦታ አያያዙን ግን ብታዩት! የእኔ ሁለት ቃል ምሳ ሳይደርስ ሸዋ በር ገበያ ገብታ ነበር። እትዬ ጸዳለን ጨምሮ ሦስት ቤቶች ወተቱ ይቅርብን አሉ። ስምንቱ ደግሞ እስቲ እናያለን ብለው አንጠልጥለው አሳደሩት።

ቅዳሜ ጠዋት አዴ ሀሊማ በዚያው ሰዓት መጡ። ያለቅሳሉ፣ ይራገማሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ረጋ ብለው አናገሩኝ።

"ልጄ፣ ትናንት የለካኸው ትኩስ ነው። ዱሮ በእግሬ ስመጣ መንገድ ላይ ይበርድ ነበር። ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ጉልበቴን አሞኝ በባጃጅ ነው የምመጣው፤ ከነሙቀቱ ይደርሳል። ትኩስ ወተት የተነፋ ነው። እቤት አፉ ድረስ የሞላሁት ጀሪካን ሲበርድ ጎደል ይላል፤ ማንም ሳይጠጣው። ያው ወተት ትንሽ ቦታ ከያዘ አይከብድም? ቱቦህንስ ከፍ አያደርገውም?"

ይህንን ነገር እፍጋት ብዬ፣ ቀመሩን በኖራ ጽፌ፣ ለዘጠነኛ ክፍል በየዓመቱ አስተምራለሁ።

"ስለዚህ" አሉ፣ "በሁለት ብርጭቆ ቅዳ። አንተ ዙር። ከሴቶቹ አንዷ በአንዱ ላይ ውሃ ትጨምርና ሥሩ ክር ትሰር፤ የቱ እንደሆነ አትይ። ሁለቱም ጥላ ሥር ይብረዱ። ከዚያ ለካና ንገረን።"

"ለምን እዞራለሁ?" አልኩ።

"ትናንት ገና ሳትለካ ፈርደህ ነበራ!"

እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የተማርኩትን የሳይንስ ዘዴ እኒህ ሴት ጀሪካን አጠገብ ቆመው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ምልከታው አለ፣ መላምቱ አለ፣ ማነጻጸሪያው አለ፣ የመርማሪውን አድልዎ መከላከያው ሳይቀር አለ። እኔ ከምልከታ ዘልዬ ድምዳሜ ላይ ነበር የወጣሁት። በዚያች ሰዓት እንደ እሳቸው ያከበርኩት መምህር የለም።

ዞርኩ። አንዷ ጨመረች፣ ክሩንም አሰረች፣ ብርጭቆዎቹ ሥራቸው በጨርቅ ተሸፍኖ ጥላ ሥር ቆዩ። እትዬ ጸዳለ ብቻ "ሥራ አለብኝ" ብለው ገቡ። ወተቱ ሲበርድ ለካሁ። በአንደኛው ቱቦው ከፍ አለ፤ በሁለተኛው ጠለቀ። "ይሄኛው ነው ውሃ ያለበት" አልኩ። ጨርቁ ሲገለጥ ክሩ እሱ ላይ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ጊዜ የቱቦውን አንገት ልብ ብዬ ባየው፣ በሃያ ዲግሪ ሙቀት እንደሚነበብ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል።

"አዴ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ።

"እኔ ይቅር ብልህ ምን ይጠቅመኛል? ወሬህ የገባበት ቤት ሁሉ ገብተህ ንገራቸው።"

አሥራ አንዱንም በር አንኳኳሁ። በአንድ ትንፋሽ ያልኩትን ለመመለስ እስከ ማታ ፈጀብኝ። ስምንቱ ጸኑ፤ ከሄዱት ሁለቱ ተመለሱ። እትዬ ጸዳለ ግን "አንዴ ተጠራጥሬያለሁ፤ ልቤ አይቀበለውም" አሉኝ። ይኸው እስከ ዛሬ የፓኬት ወተት ነው የሚጠጡት።

አዴ ሀሊማ አሥር በር አንኳኩተው ሲጨርሱ እኛ ግቢ ደጃፍ ላይ ቆም ይላሉ። "እትዬ ጸዳለ፣ እንዴት አደሩ?" ይላሉ፣ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። በዚያ በር አንገቴን ደፍቼ የምወጣው እኔ ነኝ።