አንገቱን የደፋው ዳይኖሰር

ልጁ የሚያየውን ፊልም ሳያይ የሚከለክል አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ከእሱ እሻላለሁ፤ አይቼ ነው የምከለክለው። ቅዳሜ ከልጄ ከሜሮን ጋር ስለ ዳይኖሰር ቤተሰብ የሚያወራውን ተከታታይ ካርቱን ልመረምር ተቀመጥኩ። መቼም ጅራት ካለው አባት ምን ምግባር ይገኛል?

ዳይኖሰሩ ግን ልጁን ያለ ጥፋቷ ተቆጥቶ ኖሮ፣ ያን የሚያህል አንገቱን ደፍቶ ይቅርታ ጠየቃት።

«አባት ልጁን ይቅርታ ይጠይቃል እንዴ?» አልኩ።

«መነጽሬን ጣልሽብኝ ብሎ ተቆጥቶ ከገዛ ኮቱ ኪስ ካገኘው ይጠይቃል፣ አባዬ» አለች ሜሮን፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል።

ማግኘቴን ያየ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር። በአገራችን ወግ በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለምነው። ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይመጣል? እንደ ዳይኖሰሩ አንገቴን ደፋሁ።

ፊልሙን አልከለከልኩም፤ ብከለክለውማ ምክንያቱን ታውቀዋለች።